በዚህ ታኅሣሥ (2018) ጎንደር ላይ ሆነን ሰማይ ላይ ምን እንይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ጎንደር ነው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ በደብረ ብርሃን ሥላሴ በኩል በጣም የሚያበራ ኮከብ ይወጣል። እናቴ የአጥቢያ ኮከብ ነው ትላለች። ልጄ ሳተላይት ነው ይላል። ደግሞ በታኅሣሥ ኮከብ ይዘንባል፣ ታኅሣሥ 10 ጅራታም ኮከብ ምድርን ሊነካ ነው የሚል ቪዲዮ በየስልኩ እየዞረ ነው። እውነት አለው? ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁት አጎቴ የሚነግሩን የጨረቃ ቀንም ሰማይ ላይ ከማየው ጋር አልገጥም አለኝ። ለልጄ ቴሌስኮፕ ልገዛለት አስቤያለሁ። በዚህ ወር ከቤታችን ሆነን ምን ማየት እንችላለን?»

የሚያዩት ጁፒተር ነው።

የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ናት። ቬነስ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ስለምትቀርብ ከፀሐይ ብዙ ርቃ አትታይም። ወይ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ ትታያለች፣ ወይ ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከምሥራቅ ስትወጣ ያያት ሰው የለም፤ ሊያያትም አይችልም። በዚህ ወር ደግሞ ጭራሽ አትገኝም። ከፀሐይ ጀርባ ገብታለች፤ ታኅሣሥ 28 ላይ ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ትሆናለች። ማርስም እንደዚሁ ፀሐይ ዘንድ ተደብቋል። ስለዚህ በዚህ ታኅሣሥ «ያ ቀይ ማርስ ነው» የሚል ሰው ካጋጠምዎ፣ የሚያየው ቤቴልጅዩዝን ወይም አልደባራንን ነው። ሁለቱም ቀላ ያሉ ከዋክብት ናቸው።

እናትዎ ግን ያለ ምክንያት አልተሳሳቱም። ቬነስ በምትታይበት ጊዜ ከጨረቃ ቀጥላ የሌሊቱ ደማቅ እሷ ናት። እሷ ስትጠፋ ቦታዋን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ጁፒተር ነው።

የልጅዎን ሐሳብ ራሱ እንዲፈትነው ያድርጉ። አንድ ቦታ ይቁምና ኮከቡን ከጣሪያ ጠርዝ ወይም ከመብራት እንጨት ጋር ያስተያየው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ ይቁም። ኮከቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ሳተላይት ቢሆን ኖሮ ሰማዩን በጥቂት ደቂቃ አቋርጦ ሄዷል። አንዳንዴ ብዙ የብርሃን ነጠብጣቦች እንደ ባቡር ተከታትለው ሲያልፉ ታያላችሁ። እነሱ በቅርቡ የተወነጨፉ፣ ኢንተርኔት የሚያሠራጩ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው፤ የሚያስፈራ ነገር የላቸውም።

ሌላም መለያ አለ። ኮከብ ይርገበገባል፤ ፕላኔት ግን ረጋ ብሎ ያበራል። ኮከብ በጣም ሩቅ ስለሆነ ብርሃኑ እንደ አንዲት ነጥብ ነው የሚደርሰን። አየሩ ሲናወጥ ያቺ ነጥብ አብራ ትናወጣለች። ጁፒተር ግን በዓይናችን ባይለይም ትንሽ ክብ ነው። የአንዱ ጎን ብርሃን ሲናወጥ ሌላው ያካክሰዋል። ይህን ለማየት ጁፒተርን ከሲሪየስ ጋር ያወዳድሩ። ሲሪየስ ከደቡብ ምሥራቅ ትወጣለች፤ ከከዋክብት ሁሉ ደማቋ ናት። ከአድማስ ብዙ ሳትርቅ ሲያዩዋት ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ እያለች ትንቀጠቀጣለች። ጁፒተር ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ከእሷ ይበልጥ እያበራ ዝም ይላል።

ጁፒተር በየቀኑ አራት አምስት ደቂቃ ያህል ቀደም እያለ ይወጣል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በወሩ አጋማሽ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለገና ሲደርስ ገና ሲመሽ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብቅ ይላል። ምክንያቱም ምድር በፀሐይና በጁፒተር መካከል ለመግባት እየገሰገሰች ነው። ጥር 2 ላይ ከፀሐይ ትይዩ ይሆንና ሌሊቱን ሙሉ ይታያል። ያኔ ከእኛ 633 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ ርቀት ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ 35 ደቂቃ ይፈጅበታል። ማታ በረንዳ ላይ ሆነው የሚያዩት ጁፒተር የግማሽ ሰዓት በፊቱ ጁፒተር ነው።

አሁን ያለበት የሰማይ ክፍል ጀውዛ ነው፤ መንትዮቹ ማለት ነው። አጠገቡ ተቀራርበው የሚታዩት ሁለት ከዋክብት ካስቶርና ፖሉክስ ናቸው። ጀውዛ የሚለውን ስም ከኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጁፒተር ራሱ እዚያ ሙሽተሪ ይባላል፣ ሳተርን ደግሞ ዙሐል። ስሞቹ የቆዩና የሚያምሩ ናቸው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ግን ሥነ ፈለክ ነው። ጁፒተር ጀውዛ ውስጥ መግባቱ የማንንም ትዳር ወይም ንግድ አይለውጥም።

ወደ «ኮከብ ዝናቡ» እንምጣ። ኮከብ አይዘንብም። እያንዳንዱ ኮከብ እንደ ፀሐያችን ያለ ግዙፍ የጋለ ጋዝ ኳስ ነው። አንዱ እንኳ ወደ እኛ ቢመጣ ምድር አትተርፍም። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከጠጠር የማይበልጥ ፍርፋሪ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ወደ አየራችን ሲገባ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ግሎ ይተናል። መሬት የሚደርስ ነገር የለውም። ኮከብ በተወረወረ ቁጥር ሰው ይሞታል የሚለውን እኔም ከአያቴ ሰምቼ አድጌያለሁ። በሕፃንነቴ አንድ ባየሁ ቁጥር ለቤተሰቤ እየፈራሁ እተኛ ነበር። ልጅዎ ይህን ፍርሃት እንዳይወርስ አደራ። በየትኛውም ተራ ጨለማ ሌሊት፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ ጥሎ የሚቀመጥ ሰው በሰዓት ጥቂት ተወርዋሪ ኮከቦች ያያል።

በታኅሣሥ የሚበዙበት ምክንያት አለ። ምድር በየዓመቱ በዚህ ወቅት አንድ የፍርፋሪ መንገድ ታቋርጣለች። ፍርፋሪውን የተወው ፋኤቶን የተባለ አለታማ አካል ነው። በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተገኘ ሲሆን ፀሐይን በ1 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይዞራታል። አብዛኞቹ የተወርዋሪ ኮከብ ዝናቦች ከጅራታም ኮከብ የሚመጡ ናቸው። ይሄኛው ከአለታማ አካል መምጣቱ የተለየ ያደርገዋል። ፍርፋሪው በሰኮንድ 35 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰኮንድ አይሞላበትም። ይህም ሆኖ ከሌሎቹ ዝናቦች ጋር ሲተያይ ቀርፋፋ የሚባል ነው። ለዚህም ነው ለሚያየው ሰው ደስ የሚለው። «ያውና!» ብሎ ለጎረቤት ለማሳየት ጊዜ ይሰጣል።

ዘንድሮ ዋናው ሌሊት ከታኅሣሥ 4 ምሽት እስከ ታኅሣሥ 5 ንጋት ያለው ነው። መነሻቸው የሚመስለው ካስቶር አጠገብ ያለው ቦታ ነው። ያ ቦታ ከጎንደር አድማስ የሚወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ከፍ እያለ ሄዶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አናት ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ጨረቃ ደግሞ ከግማሽ በታች ሆና ወደ 8 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። ስለዚህ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ሰማዩ ጨለማ፣ መነሻውም ከፍ ያለ ይሆናል። ያን ያህል መቆየት ለማይችሉ ልጆች ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይበቃል። ቁጥራቸው ያንሳል፤ ግን በዚያ ሰዓት የሚመጡት አየሩን በአግድም ስለሚገቡ ረዥም መስመር ይስላሉ።

ቪዲዮዎቹ የሚሉት «በሰዓት 150» ውሸት አይደለም፤ ግን ለእርስዎ አይሠራም። ቁጥሩ የተሰላው ምንም መብራት ለሌለበት ሰማይ፣ መነሻውም ልክ አናት ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ከጎንደር መሃል፣ የመንገድ መብራት እያየ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 10 ወይም 15 ካየ ደህና ነው። መብራት በማይደርስበት ግቢ ያለ ሰው 30 እና 40 ሊያይ ይችላል። ሁለትና ሦስት በአንድ ደቂቃ መጥተው ከዚያ ሩብ ሰዓት ምንም ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ነው ብዙ ሰው «ውሸት ነው» ብሎ የሚገባው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሌሊት ጣሪያችን ላይ ፍራሽ አውጥተን ነበር። ከ4 ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ጊዜ «ኧረ!» አለ። ከዚያ ዝም ሆነ። ከአንገረብ በኩል ጅብ ይጮሃል። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆየንና ከጎሃ ተራራ በላይ አንድ አረንጓዴ ነጭ ብርሃን ቀስ ብሎ ወረደ። ከኋላው የተወው ጭረት ሁለት ሰኮንድ ያህል ቆየ። ልጄ ጋቢውን ጥላ ብድግ አለች። ጎረቤት ጣሪያ ላይ ደግሞ፣ ሰው መኖሩን ያላወቅነው፣ አንድ ሽማግሌ «አየሽው ልጄ?» አሏት። እስከ 7 ሰዓት ድረስ ከሁለቱ ጣሪያ እየተጠራሩ ቆጠሩ። መብራቱ ቢኖር ኖሮ ግማሹን አናይም ነበር።

የታኅሣሥ 10 ወሬ መነሻው 3አይ አትላስ የተባለ ጅራታም ኮከብ ነው። በሐምሌ 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጀመሪያ ቺሊ ባለ ቴሌስኮፕ ተገኘ። ከሌላ የኮከብ ሥርዓት እንደመጡ ከታወቁት አካላት ሦስተኛው ነው፤ ዝናው ከዚህ የተነሳ ነው። እውነት ነው፣ ታኅሣሥ 10 ላይ ወደ ምድር በጣም የሚቀርብበት ቀን ነው። «በጣም ቀረበ» ማለት ግን 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። ፀሐይ ከእኛ ካላት ርቀት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አይነካንም፣ አየራችንን አይለውጥም፣ በዓይንም አይታይም። ለማየት ትልቅ ቴሌስኮፕና ልምድ ይጠይቃል። ልጅዎ ፈርቶ ከሆነ ይህን ቁጥር ይንገሩት።

ከከተማዋ ምን ይታያል ለሚለው፣ መጀመሪያ ጎንደር የታደለችውን ልናገር። ከተማዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት፤ ከፍታዋም ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው ከራሳችን በላይ ያለውን አየር ያሳሳዋል። ለምድር ወገብ መቅረቧ ደግሞ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ያሳየናል። ለንደን ያለ ሰው ካኖፐስ የተባለችውን የደቡብ ደማቅ ኮከብ አገሩ ሆኖ አያያትም። ኬፕታውን ያለ ሰው የሰሜን ኮከብን አያያትም። እኛ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት እናያለን። ታኅሣሥ ደግሞ በጋ ነው። ደመና እምብዛም የለም። ሌሊቱም ረዥም ነው፤ ታኅሣሥ 12 ላይ 12 ሰዓት ተኩል ይደርሳል።

በደንብ የሚጨልመው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ደቡብ ዞረው ቀና ቢሉ፣ አናት ሊደርስ ትንሽ የቀረው፣ ብቻውን የሚታይ ቢጫማ ኮከብ አለ። እሱ ሳተርን ነው። እኩለ ሌሊት አካባቢ በምዕራብ ይጠልቃል። ታኅሣሥ 17 ምሽት ግማሽ ልትሆን የቀረባት ጨረቃ አጠገቡ ስለምትሆን ያኔ ማንም አይስተውም። ቀለበቱን አያለሁ ብለው ግን ብዙ አይጠብቁ። ዘንድሮ ቀለበቱ ጠርዙን ወደ እኛ ስላዞረ በቴሌስኮፕም ቢሆን እንደ ቀጭን መስመር ነው የሚታየው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይከፈታል።

በምሥራቅ በኩል ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ተነስቷል። ሦስት ከዋክብት በተርታ ቀጥ ብለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይታያሉ። ከእነሱ በስተግራ ቀላ ያለችው ቤቴልጅዩዝ ናት። በስተቀኝ ነጭ ሰማያዊ የሆነችው ራይጀል ናት። ከተርታዎቹ ትንሽ ወደ ራይጀል አቅጣጫ ጭጋግ የመሰለ ብልጭታ ካዩ እዚያ ላይ ቆም ይበሉ። ያ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ብርሃኑ ከዚያ የተነሳው የአክሱም ኃይል እየቀነሰ በሄደበት ዘመን ገደማ ነው።

ከኦሪዮን በላይ ሰባቱ ከዋክብት አሉ። ስማቸው ከመጽሐፈ ኢዮብ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አናት ላይ ማለት ይቻላል። ልጅዎ ስንት እንደሚያይ ይቁጠር። ብዙ ሰው ስድስት ይቆጥራል። በባይኖኩላር ሲያዩት ግን በርካታ ደርዘን ይሆናሉ። በዓይን ብቻ ከሚታዩት ሁሉ ሩቁ ደግሞ እጅግ ብዙ ከዋክብት የተሰበሰቡበት የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ነው። በወሩ አጋማሽ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ የደበዘዘ ጠብታ ይመስላል። ከመሃል ከተማ ያለ ባይኖኩላር ይከብዳል።

ካኖፐስ ከሲሪየስ ቀጥላ የሰማይ ሁለተኛዋ ደማቅ ኮከብ ናት። ከደቡብ አድማስ ከፍ የምትለው ቢበዛ 25 ዲግሪ ነው። እጅዎን ዘርግተው ጡጫዎን ቢጨብጡ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሁለት ጡጫ ተኩል ማለት ነው። ወደ ጣና አቅጣጫ ክፍት የሆነ ግቢ ያለው ሰው በወሩ አጋማሽ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ በቀላሉ ያገኛታል። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከሰሜን አድማስ አንድ ጡጫ ከሩብ ብቻ ናት። የጎሃ ተራራ ወይም ሌላ ኮረብታ ሊከልላት ይችላል። ካላገኟት ዓይንዎን አይውቀሱ።

ለኪዳን ወይም ለማሕሌት ሌሊት የምትወጡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አላችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በማክሰኝት በኩል ተመልከቱ። ከአድማስ ብዙም ሳይርቁ አራት ከዋክብት ወደ ግራ ያዘነበለ መስቀል ሠርተው ይታያሉ። የደቡብ መስቀል ይባላል። የታኅሣሥ ገብርኤል ሌሊት ጨረቃ ቀደም ብላ ስለምትጠልቅ በደንብ ይታያል። 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ጎሕ ስለሚቀድ ይጠፋል።

የአጎትዎን የጨረቃ ቆጠራ በተመለከተ፣ ስህተት የሠራ ሰው የለም። ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ወጣት «ባሕረ ሐሳብ ተሳስቷል» እያለ ሲያቃልለው እሰማለሁና። ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ቀመር 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሳል። ጨረቃንና በዓላትን ለማስላት ከሚያገለግሉት ቁጥሮች የ2018 አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18 የሆነው ከዚህ የ19 ዓመት ዑደት ተነስቶ ነው። እኩልነቱ እጅግ የቀረበ ነው። በ19 ዓመት ውስጥ የሚዛነፈው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ያለ ቴሌስኮፕ፣ ያለ ኮምፒውተር እዚህ ደረጃ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ያቺ አንድ ሰዓት ተኩል ትጠራቀማለች። በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሆናለች። ከ1,600 ዓመት በላይ ሲከማች አራት አምስት ቀን ሆኗል። ለዚህ ነው ሰማይ ላይ ጨረቃ ሞልታ ሲያዩ፣ በቆጠራው ግን ልትሞላ ገና ቀናት የሚቀሯት። የአጎትዎ ቁጥር የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ነው፤ ለዚያ ሥራው ትክክል ነው። ሰማዩ መቼ እንደሚጨልም ለማወቅ ግን በዓይን የሚታየውን ጨረቃ ይከተሉ። ዘንድሮ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ሆና የማትታየው ታኅሣሥ 11 ነው። ግማሽ የምትሆነው ታኅሣሥ 18፣ የምትሞላው ታኅሣሥ 25 ነው። በዚያች የታኅሣሥ 25 ምሽት ጁፒተር ከሙሉ ጨረቃ አጠገብ ይወጣል። አጎትዎን ጠርተው አብረው ይዩት። እሳቸው ስለ አበቅቴ ቢነግሯችሁ፣ እናንተም ሰማዩን ብታሳዩአቸው፣ ልጅዎ ከሁለቱም ይማራል።

ቴሌስኮፑን አሁን አይግዙ። በየሱቁና በኢንተርኔት «500 ጊዜ ያጎላል» እየተባሉ የሚሸጡት ትንንሽ ቴሌስኮፖች አብዛኞቹ መቆሚያቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሌንሳቸውም ደካማ ነው። ልጁ ጁፒተርን ፈልጎ ያጣዋል፣ ሲያገኘው ደግሞ ይንቀጠቀጥበታል። በሳምንቱ ዕቃው አልጋ ሥር ይገባል። በማጉላት ብዛት አይታለሉ፤ ዋናው ነገር ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰበስብ ነው። ገንዘብ ካለዎት 7 በ50 ወይም 10 በ50 የተጻፈበት ባይኖኩላር ይግዙ። የመጀመሪያው ቁጥር ማጉላቱ ነው፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር። ክርንዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጁፒተርን ቢያዩ፣ ከጎኑ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ያያሉ። እነሱ የጁፒተር ትላልቅ ጨረቃዎች ናቸው፤ እስከ አራት ይታያሉ። በማግሥቱ ቦታቸው ተለዋውጦ ያገኙታል። ልጅዎ አምስት ምሽት በደብተር ላይ ቢስላቸው፣ ከየትኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ይማራል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ይንገሩት፦ ባይኖኩላሩን ለአፍታም ወደ ፀሐይ ማዞር የለም። ዓይን ይጠፋል።

ቦታን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው። በዚህ ጊዜ ለሰማይ ብላችሁ ሌሊት ከከተማ አትውጡ። ጨለማ ፍለጋ ገጠር መሄድ በሌላ ዘመን ጥሩ ሐሳብ ነው። አሁን ግን የምታገኙት ጥቂት ተጨማሪ ኮከብ ለሥጋቱ አይመጥንም። ግቢያችሁ ይበቃል። የውጭ አምፖል ያጥፉ፤ ጎረቤትንም ይጠይቁ። የመንገድ መብራት ካለ ግድግዳ ወይም የውኃ ታንከር በእሱና በእርስዎ መካከል እንዲሆን አድርገው ይቀመጡ። ከመሸ በኋላ የከሰልና የእንጨት ጢስ በየሰፈሩ ስለሚንሳፈፍ አድማሱ ይደበዝዛል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ይጠራል። ጣሪያ ላይ የሚወጡ ከሆነ ጠርዝ መከለያ ከሌለው ልጆች ይዘው አይውጡ። ተኝቶ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ሲነሳ አቅጣጫ ይጠፋዋል።

ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ስልክ ከፍተው መልእክት ካዩ ያ ሁሉ ይበላሽና እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ባትሪ ካስፈለገ ፊቱን በቀይ ፌስታል ይሸፍኑት፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙም አይረብሽም። ፎቶ ማንሳት ከፈለጉ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፈው በሌሊት ማንሻ ያስቀምጡት፣ ከዚያ ይተዉት። ብርዱን አይናቁት፤ ሳይንቀሳቀሱ የሚቀመጡ ስለሆነ ጋቢ ብቻ አይበቃም፤ ከሥር ፍራሽ ወይም ጅባ ያንጥፉ።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ታኅሣሥ 4 ቅዳሜ ነው። ልጄን ከሰዓት በኋላ አስተኛዋለሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግቢ ወጥተን ጁፒተር ሲወጣ ያየውን ቦታ ያሳየኛል። ከዚያ ጀርባችንን ለመብራት ሰጥተን፣ ጀውዛን ሳይሆን አናታችንን እያየን እስከቻልን እንቆጥራለን፤ ተወርዋሪዎቹ የትም ሊታዩ ይችላሉና። በዚያ ሌሊት ካልተመቸ ታኅሣሥ 3 እና 5ም ይታያሉ፣ ቁጥራቸው ግን ያንሳል። ሰባቱን ከዋክብት፣ የኦሪዮንን ደመናና አንድሮሜዳን ለታኅሣሥ 9 እስከ 13 አቆያቸዋለሁ፤ ያኔ ምሽቱ ጨረቃ የለበትም ወይም ቀጭን ናት። የገና ሌሊት ደግሞ ከቅዳሴ መካከል ወጣ ብላችሁ ቀና በሉ። ከሌሊቱ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ጁፒተር አናታችሁ ላይ ሊደርስ አንድ ጡጫ ብቻ ይቀረዋል።